ገብስማና የእሑድ ቡናዬ

የወፌን ስም ያወጣችው እናቴ ናት። እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ እዚህ ሜሪላንድ። በስልክ ቪዲዮ አሳየኋት። መነጽሯን አስተካክላ፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ለበዓል ዶሮ እንደምትመርጥ ሰው ከላይ እስከ ታች አየችው። «ይሄማ ገብስማ ነው» አለች። በቃ። ልጄ አንድ ገጽ ሙሉ ስም ጽፋ ነበር፤ ሁሉም ቀረ። ላባው ግራጫ ነው፤ ክንፉ ላይ ነጭ አለበት። ፊቱ ቢጫ ነው። ጉንጩ ላይ በጣት የተቀባ የሚመስል ክብ ብርቱካናማ ምልክት አለው።

ገብስማ ኮካቲየል ከሚባለው የበቀቀን ዓይነት ነው። የዘሩ አገር አውስትራሊያ ነው። ከአናቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ግማሹ ጅራት ነው። አናቱ ላይ እንደ ድሮ ልጆች ቁንጮ አለው። እኔ ከዶሮ በቀር ወፍ አሳድጌ አላውቅም ነበር። አብረን መኖር ከጀመርን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ የመጀመሪያ ወፋቸውን ሊወስዱ አስበው ምክር ጠየቁኝ። የነገርኳቸውን እዚህም ልጻፈው አልኩ። በተለይ ቡና ለሚፈላበት፣ ዕጣን ለሚጨስበት፣ ቁሌት ለሚቁላላበት ቤት። እኔ መጀመሪያ ያየኋቸው ቪዲዮዎች ስለ እንደዚህ ዓይነት ቤት አንድም ነገር አልነገሩኝም።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔ፣ አሥር ዓመት የሆናት ልጄና ታናሽ እህቴ። ሁለተኛ ፎቅ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፤ የኤል ሳልቫዶር ሰው። አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ በእጅና በፈገግታ ሰላም እንባባላለን። ሌላ ስቴት ያለች ልጃቸው ዘንድ ጠቅልለው ሊሄዱ ሲሉ ወፉን የሚወስድላቸው ፍለጋ ከበር በር ዞሩ። የእኛን በር የከፈተችው ልጄ ናት። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። የኪራይ ውላችን ውሻም ድመትም አይፈቅድም። ወፍ ግን ችግር የለውም ተባልኩ።

ሦስት ዓመቱ ነው አሉን። አንድ ከረጢት ፍሬ፣ አንድ ክብ ጠባብ ኬጅ (የሽቦ ቤት) እና አንዲት ትንሽ መስታወት አብረው ሰጡን። ሲሰናበቱት ጣታቸውን በሽቦው አሾልከው «ቦኒቶ» አሉት። በስፓኒሽ ቆንጆ ማለት ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ገብስማ እስከ ዛሬ አጥርቶ የሚናገራት ቃል እሷው ናት። ማለዳ ጨርቁን ከኬጁ ላይ ሳነሳለት «ቦኒቶ» ይለኛል። ባለቀሱባት በዚያች ሰዓት ቃል ገብቼላቸዋለሁና፣ በየወሩ ቪዲዮ እልክላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ዝምታ ነበር። ዳር ይዞ ቆመ። ሳሎን ስናልፍ ቁንጮው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጃችንን ስናስጠጋ ቁንጮው ይተኛና እንደ እባብ «ስስስ» ይላል። ያኔ ጠላን ብዬ ነበር። አሁን ቁንጮውን እንደ ፊት ማንበብ ለምጃለሁ። ቀጥ ሲል ደንግጧል ወይም አንድ ነገር ትኩረቱን ስቦታል። ከፊል ብቻ ተነስቶ ዘና ሲል ሰላም ነው። ከአናቱ ጋር ተጣብቆ ሲተኛና ሲያፏጭ «አትጠጉኝ» ማለቱ ነው። ይህችን አንድ ነገር በመጀመሪያው ቀን ባውቅ ኖሮ ሦስት ጊዜ ባልነከሰን ነበር።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣ።

ዘጠነኛው ቀን ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሁለት ጓደኞቼ መጡ። ሳሎን ረከቦት ዘረጋሁ። ቡናውን እዚያው በኤሌክትሪክ ምድጃ ቆላሁ። ጭሱን እያዞርኩ አሸተትኳቸው። ዕጣኑን ጨመርኩ። ውጭው ብርድ ስለነበር መስኮት አልተከፈተም። ወፉ ከእኛ ሦስት ሜትር ባይሞላ ነው፤ እንዳይከፋው ብለን ወደ ጨዋታው አቅርበነው ነበር። አቦሉን ጠጣን። ቶናው ሲቀዳ ልጄ «እማ፣ ጅራቱ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

ዞር ብዬ አየሁት። ጅራቱ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። አፉን ከፍቷል። ምንቃሩ ውስጥ ያቺ ጥቁር ትንሽ ምላሱ ትታያለች። ላባውን ነፍቶ ከቆጡ ወርዶ ኬጁ ወለል ላይ ተቀምጧል። እንደ ፈራ አልነበረም፤ እንደ ደከመው ሰው ነበር። ሲኒው ከእጄ ወደቀ። እህቴ መስኮቶቹን ከፈተች። እኔ ኬጁን ተሸክሜ መኝታ ቤት ገባሁ።

ከዚያ ስልክ። አንዱ ክሊኒክ ወፍ አናይም አለ። ሁለተኛውም ወፍ አናይም አለ። ሦስተኛው ዝግ ነበር። አራተኛው ጋ ወፍ የምታይ ሐኪም ተገኘች። የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ወፍ ያያል ብዬ ነበር የማስበው። አያይም። ወፍ ልትወስዱ ካሰባችሁ ከኬጁ በፊት ሐኪሙን ፈልጉ። እሑድ ከሰዓት ወዴት እንደምትሄዱ ቀድማችሁ እወቁ። እኔ መኪና ውስጥ ወፉ ያለበትን ሳጥን በጉልበቴ ይዤ፣ እህቴ እየነዳች፣ ልጄ ከኋላ እያለቀሰች ነው ያወቅኩት።

ኦክስጅን የሚገባበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። ጅራቱ ቀስ እያለ መወዛወዙን ተወ። ሐኪሟ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አልተቆጣችኝም። ወረቀት ላይ ሥዕል እየሠራች አስረዳችኝ።

የወፍ ሳንባ እንደ እኛ እየተነፋ የሚሟሽሽ አይደለም። ሳንባው ትንሽ ነው፤ ከሱ ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች አሉት፣ በአብዛኞቹ ወፎች ዘጠኝ። አየሩ ከከረጢት ወደ ከረጢት እያለፈ በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይፈሳል። አንዴ የገባ አየር ጨርሶ እስኪወጣ ወፉ ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል። ስለዚህ ሲያስገባም ሲያስወጣም ሳንባው ንጹሕ አየር አያጣም። ለበረራ የተሠራ ነው። ግን ይኸው ብርታቱ ጭስንም ከእኛ በበለጠ አጥርቶ ይወስዳል ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ካናሪ የምትባል ወፍ ይዘው ጉድጓድ የሚወርዱት ለዚህ ነበር፤ መርዛማ ጋዝ ካለ ወፏ ከሰው ቀድማ ትወድቃለች። እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህ አልቀረም። እኔ ሳሎኔ ውስጥ ጉድጓድ ሠርቼበት ነበር።

ሐኪሟ ከዚያ «ምን ዓይነት መጥበሻ ነው ያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ግራ ገባኝ። የማይጣበቁት መጥበሻዎች፣ ቴፍሎን የምንላቸው፣ ከልክ በላይ ሲግሉ የሚያወጡት ጋዝ አለ። ሰው ላያሸተው ይችላል። ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ያውም ሌላ ክፍል ያለችውን ጭምር። ቤት ገብቼ ቆጠርኩ። ሁለት መጥበሻ። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ፣ ገጹ በዚሁ ነገር የተለበጠ። እንጀራ እኮ በሞቅታ አይጋገርም፤ ምጣዱ መጋል አለበት። እህቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሠላሳ አርባ እንጀራ ትጋግርበት ነበር። ገብስማ ከመጣ ወዲህ አልጋገረችም። ይህንን ሳስብ ዛሬም ሆዴ ባር ባር ይላል።

መጥበሻዎቹን በብረት ቀየርናቸው። ምጣዱን ወፍ ለሌላት ጓደኛችን ሰጠናት። እሷ ቤት ሄደን እንጋግራለን፣ ወይም ከሱቅ እንገዛለን። ሌሎች እቃዎችም አሉ፤ የፀጉር መተኮሻ፣ የክፍል ማሞቂያ፣ የምድጃ ውስጥ ምንጣፍ፣ አንዳንዱ በዚሁ ነገር የተለበጠ ነው። ሳይገዙ በፊት ማንበብ ነው። የሚነፋ ሽቶ፣ የጸጉር ስፕሬይ፣ ሽታ ያለው ሻማ፣ በረኪና፣ ሲጋራ፣ እነዚህ ወፉ ባለበት ክፍል አይገቡም። ቁሌቱን የማቁላላው የምድጃው የጭስ መሳቢያ እየሠራ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ የእሱ ክፍል በር ተዘግቶ ነው።

ዕጣኑ ግን ከበደኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመጥበሻውም ከምጣዱም ይልቅ ዕጣኑ ከበደኝ። እዚህ አገር ሳምንቱን ሙሉ በማታ ሥራ ነው የማሳልፈው፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። እሑድ ያ ሽታ ሲነሳ ነው ቤቴ የገባሁ የሚመስለኝ። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ዕጣን የሌለው ቡና ምን ይመስላል ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ታዲያ እሱም ቤተኛ ሆኗል አይደል? በረንዳ አውጪዋ» አለችኝ።

በረንዳ አወጣኋት። አሁን ቡናውን በረንዳ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ እቆላለሁ፤ የመስታወቱ በር ይዘጋል። ዕጣኑም እዚያው በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጨሳል። ጭሱ በመስታወቱ ማዶ ሲወጣ እናየዋለን። እኛ ተራ በተራ እየወጣን እናሸታለን። ጀበናው ውስጥ ይፈላል፤ የፈላ ቡና እንፋሎት አይጎዳውም፤ ቡናውን ራሱን ግን እንዳይቀምስ መጠበቅ አለበት። ካፌይን ለወፍ መርዝ ነው። ፈንዲሻው ግን የጋራችን ነው። ጨውና ቅቤ ሳይነካው ለእሱ ቀድሜ ሁለት ፍሬ አነሳለታለሁ። በአንድ እግሩ ይይዛታል። ጣቶቹ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ናቸው፤ የበቀቀን እግር እንዲያ ነው። ነጩን እየነጨ፣ ገለባውን መሬት እየጣለ፣ ቶና እስኪደርስ አንዷን አይጨርስም።

ስለ ምግብ ካነሳሁ ትንሽ ልቆይበት፤ ከጭሱ ቀጥሎ ያስቸገረኝ እሱ ነው። አብሮት የመጣው ከረጢት ፍሬ ብቻ ነበር፤ አብዛኛው የሱፍ ፍሬ። እኔ ወፍ ፍሬ ካልበላ ምን ይበላል ብዬ ነበር። ሐኪሟ የሰጠችኝ መልስ፣ ሱፍ ለእሱ እንደ ጥብስ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ቅባቱ ብዙ ነው፣ ዕለት ዕለት እሱን ብቻ የበላ ወፍ ጉበቱ ይጎዳል፣ ቫይታሚን ኤ ያጥረዋል። ዋናው ምግብ ፔሌት የሚሉት ተመጥኖ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ነው። ከእሱ ጋር ቅጠላ ቅጠልና አትክልት። ፍሬው ጥቂት፣ ለማባበያ።

ገብስማ ፔሌቱን ምግብ መሆኑንም አላወቀም። ሦስት ቀን አየው፣ ዘለለው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ የለመደውን ፍሬ በአንድ ጊዜ ከነጠቃችሁት በረሃብ ሊሞት ይችላል። በሳምንታት ውስጥ ቀስ ተብሎ ነው የሚቀየረው። እኔን የረዳኝ የእኛው አበላል ነው። በቀቀን የመንጋ እንስሳ ነው፤ ብቻውን መብላት ደስ አይለውም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ትንሽ ሰሃን ከእኛ ሰሃን አጠገብ አስቀመጥኩለት። ፔሌት፣ የተከተፈ ቆስጣ፣ የተፈጨ ካሮት። ልጄ ከራሷ ካሮት ቆርሳ እያሳየችው በላች። አንገቱን ሰበር አድርጎ አያት። ቀረበ። ነካ አደረገ፣ አራገፈ። ደግሞ ነካ አደረገ። አምስተኛው ቀን ላይ ቆስጣውን ቆጥ ላይ ይዞ ወጣ። ብቻውን አልበላ ያለው ወፍ ማዕድ ላይ በላ።

ጉርሻ ግን ከአፋችን አንሰጠውም። የሰው ምራቅ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሊያሳምሙት ይችላሉ። ከወጥም አይነካም፤ ጨው፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ለእሱ አይሆኑም። ምስር ሳይጨውና ሳይቀመም ተቀቅሎ ሲበስል ደስ ይለዋል፤ ጥሬውን አይሰጥም። ጎመን፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ ይወዳል። ደግሞ ቤታችንን ያስገረመው አንድ ነገር አለ። ወፎች የቃሪያን ማቃጠል አይሰማቸውም። ሚጥሚጣ የምታህል ቃሪያ ፍሬዋን እየለቀመ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ ይበላል። የበርበሬ ጭስ ግን ሳንባውን ይጎዳል። ምላሱ የማይፈራውን ሳንባው ይፈራል።

አቮካዶ! ይህችን በትልቁ ጻፉ፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ። አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ነው። እኛ ቤት ቅዳሜ ስፕሪስ ይሠራል፤ አቮካዶ ከማንጎና ከፓፓያ ጋር። አሁን ብርጭቆው ሲወጣ ወፉ ኬጁ ይገባል፣ እጅ ይታጠባል። ቸኮሌትም እንደዚያው።

ያ ክብ ኬጅ በሁለተኛው ሳምንት ሄደ። ክብ ቤት ውስጥ ጥግ የለም፤ የፈራ ወፍ የሚጠጋበት ያጣል። ደግሞ ጠባብ ነበር፤ ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦ ይነካል። የገዛሁት ከቁመቱ ስፋቱ የሚበልጥ ነው፤ ወፍ ወደ ጎን ነው የሚበረው። የሽቦዎቹ ርቀት ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ከዚያ ከሰፋ አንገቱን ያሾልክና ይያዛል። ልሙጡን ክብ ዱላም አወጣሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ ውፍረት ያለው እንጨት ላይ የቆመ ወፍ እግሩ ይቆስላል። አሁን ያሉት ቆጦች የተፈጥሮ ቅርንጫፍ ናቸው፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፈር ያለ፣ አንዱ ጠማማ። ለጠማማው ነው የሚያደላው። መስታወቷን አነሳኋት። መስታወት ውስጥ ያለውን ወፍ ጓደኛዬ ነው ብሎ ይይዝና ከሰው ይርቃል አሉኝ። ሁለት ቀን ፈለጋት። ከዚያ ወደ እኛ መጣ።

«መጣ» ስል አሥራ ስምንት ቀን ነው። ልጄ ትምህርት ከመሄዷ በፊት አሥር ደቂቃ፣ እኔ ሥራ ከመሄዴ በፊት አሥር ደቂቃ። ሚሌት የሚባል አለ፤ የዳጉሳ ዘመድ፣ ዛላው እንዳለ የሚሸጥ። ያንን ዛላ በሽቦው መሃል ይዤ ዝም ብዬ እቆማለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ክንዴ ይዝላል። መጀመሪያ ከጫፉ ለቀመ። በየቀኑ ዛላውን አሳጠርኩት። ከዚያ በሩ ተከፍቶ፣ ጣቴ እሆዱ ሥር፣ ዛላው ከጣቴ ማዶ። ለመድረስ ጣቴ ላይ መውጣት አለበት። መጀመሪያ ምንቃሩን ጣቴ ላይ አሳረፈ። ሊነክሰኝ ነው ብዬ እጄን ልሰበስብ ነበር። አይደለም። ድልድዩ ይሸከመው እንደሆነ እየሞከረ ነው። እጅ ያኔ ከሸሸ ወፉ ዳግም አያምንም። አልሸሸሁም። አንዱን እግር አነሳ፣ ሁለተኛውን አነሳ። 84 ግራም። ምንም አይከብድም። እግሩ ግን ሞቃት ነው። ወፍ ሞቃት እግር እንዳለው አላውቅም ነበር።

84ቱን ያወቅኩት ከሐኪሟ ነው። ቀጭን ነው አለችኝ። አንድ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ግዢ አለችኝ፤ ግራም የሚያሳይ። በየማለዳው ከቁርስ በፊት እመዝነዋለሁ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ወፍ በሽታውን ይደብቃል። ዱር ውስጥ የታመመ የሚመስል ወፍ ነው ለአሞራ ቀድሞ የሚታየው፤ ስለዚህ ደህና መስሎ ይቆማል። ላባውን ነፍቶ ወለል ላይ ሲቀመጥ ቀኖች አልፈዋል ማለት ነው። ሚዛን ግን አይደበቅም። ከክብደቱ አሥር በመቶ ከቀነሰ፣ ምንም ደህና ቢመስል፣ ሐኪም ዘንድ ነው። ኩሱንም አያለሁ፤ መልኩ፣ ውኃው፣ ብዛቱ። ከሽቦው ሥር ነጭ ወረቀት የማነጥፈው ለዚህ ነው። ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲታኮሲስ የሚባል በሽታም ስላለ አስመርምሬዋለሁ። እጅ መታጠብ ልማድ ሆኗል።

ሌሊቱንም ልንገራችሁ። ኮካቲየል ጨለማ ውስጥ በድንገት የመደንገጥ ጠባይ አለው። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ኬጁ ተንጓጓ። ሮጥኩ። ክንፉን ከሽቦ ጋር እያጋጨ አንድ ገና የሚያድግ ላባ ሰብሮ ደም ይፈሰው ነበር። አዲስ ላባ ውስጥ ደም አለ። በፎጣ ያዝኩት፣ የበቆሎ ስታርች ነሰነስኩበትና በጨርቅ ያዝ አደረግኩለት። ቆመለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ትንሽ የሌሊት መብራት አጠገቡ ይበራል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማለዳ ይተኛል፤ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እኔ ከሥራ ስመለስ እኩለ ሌሊት ይቃረባል። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በጣቴ ጫፍ አልፋለሁ። አንዳንዴ ከጨርቁ ሥር ድምፅ እሰማለሁ፤ ምንቃሩን ቀስ እያለ ያፋጫል። ጭር፣ ጭር፣ ጭር። ወፍ ደልቶት እንቅልፍ ሲወስደው የሚያደርገው ነው። ኮቴን ሳላወልቅ ቆሜ የማዳምጥባቸው ሌሊቶች አሉ።

ሰዎች «ይናገራል?» ብለው ነው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ። በአማርኛ ሰውን «በቀቀን» ስንል ስድብ ነው። የሰማውን ሳያስብ የሚደግም ማለታችን ነው። እኔ ከገብስማ ጋር ከኖርኩ ወዲህ ቃሉን ለሰው አልጠቀምበትም። ኮካቲየል ብዙ ቃል የለውም፤ ማፏጨት ነው የሚችልበት። ገብስማ የቪዲዮ ስልኬን ጥሪ አጥርቶ ያፏጫል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። እሑድ ከሰዓት ነው፣ እናቴ በምትደውልበት ሰዓት፣ ስልኩ ሳይጠራ ቀድሞ። የሚደግም ብቻ አይደለም፤ የሚጠብቅ ነው።

እናቴም በእሱ ምክንያት ልብ ብላ ያላየቻቸውን ወፎች ማየት ጀመረች። ግቢያችን በር ላይ አንድ ትልቅ ጽድ አለ። «እነዚያ አረንጓዴዎቹ ዛሬም መጡ» ትለኛለች። ክንፋቸው ከሥሩ ጥቁር የሆነ፣ ምንቃራቸው ቀይ፣ አጫጭር በቀቀኖች ናቸው። ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ አለው፤ ሴቷ የላትም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ አገር አይገኙም። ልጅ ሆኜ በዚያ ጽድ ሥር ትምህርት ቤት ስሄድ ስመለስ ሲንጫጩ እሰማ ነበር። ቀና ብዬ አይቻቸው አላውቅም። የአክስቴ ልጅ «አንዷን ይዘን እናሳድግ እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ተው አልኩት። ገብስማ ሰው እጅ ላይ የተፈለፈለ ወፍ ነው። እነዚያ የጽዱ ናቸው፤ የጽዱን ፍሬ ይበላሉ፣ መንጋቸው አለ። ከመንጋው የተነጠቀ የዱር ወፍ ሽቦ ውስጥ መኖር ይከብደዋል፤ ሊሞትም ይችላል።

ኮካቲየል በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ይህንን ልጄን አስቀምጬ ነግሬያታለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ይኖራል። ስትመረቅም ይኖራል። ጣቷ ላይ ቆጥራ «ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ደብተሩን አምጥታ የዚያን ቀን ክብደት በራሷ እጅ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ የምትጽፈው እሷ ናት። ዛሬ ማለዳ 93 ብላለች።

እናቴ ባለፈው ክረምት ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ሻንጣዋ ሲከፈት ከመርካቶ የገዛችው ዕጣን ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ገና ሳይጨስ። በርበሬና ሽሮ መሃል በሦስት ላስቲክ ጠቅልላ ነው ያመጣችው። የመጀመሪያው እሑድ ቡናውን እኔ አፈላለሁ ብላ ረከቦቱን ያዘች። በረንዳ ወጣች፣ ቆላች፣ ዕጣኗን አጨሰች፣ ነጠላዋን እያራገፈች ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች። እኔ ሲኒውን ደርድሬ ጀበናውን አነሳሁ። «ቆይ» አለችኝ። ወደ ኬጁ ሄዳ ጎንበስ አለች። መነጽሯን አስተካክላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ገብስማ ጠማማው ቆጥ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ቁንጮውን ከፍ አድርጎ አያት።

«ጅራቱ ደህና ነው» አለች። «ቅጂ።»